ወደ እኔ የዘመመችው ፒክአፕ

ቅናት በሽታ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ቡርሀን ሀይደር፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጀልባ እየሠራሁ የማድር ሰው፣ ቅናቴን ደብቄ አላውቅም። ሚስቴ ሱምያ ታውቃለች፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ያውቃል። የማያውቅ ቢኖር ዓባይ ማዶ ጋራዥ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ የሚያፏጨው አንዋር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አውቆ እንዳላወቀ ይሆናል እንጂ አይጠፋውም።

አንዋር የጎርጎራ ልጅ ነው። ሱምያም የጎርጎራ ልጅ ናት። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነበር፣ አብረው ነው ያደጉት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እኔ ከዚህ ሽማግሌ ስልክ፣ እሱም በዚያው ሰሞን ልኮ ኖሯል። አባቷ ለእኔ ሰጡ። ለምን ለእኔ እንደሰጡ ደግሞ አልጠፋኝም፤ እኔ የአባቴን የጀልባ ሥራ የያዝሁ ባለሙያ ነበርሁ፣ አንዋር ግን ያኔ በቅባት ከተነከረ ቱታ በቀር የኔ የሚለው አልነበረውም።

ኒካሁ የታሰረ ቀን እንደ ወጉ ሱምያ ተጠየቀች። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኛ ወንዶቹ ከመጋረጃው ወዲህ። አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቡርሀን ሀይደርን ወድደሽ ፈቅደሽ ነው ወይ አሏት። ዝም አለች። በእኛ ዘንድ ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። አግብታ የምታውቅ ሴት ናት በአፏ መናገር ያለባት፤ የልጃገረድ ዝምታ ግን ይበቃል፣ ከሐፍረት ነው ይባላል። ሁሉም አልሐምዱሊላህ አለ፣ እኔም አልሁ፣ በልተን ጠጥተን ይዣት መጣሁ። ያ ዝምታ ግን አብሮን መጣ። ምን ነበረበት? ሐፍረት ብቻ ነበረበት ወይስ አጥር ለአጥር ያደገ ሰው ነበረበት? ይኸው ልጆች ወልደን፣ ቤት ሠርተን፣ እኔ ዛሬም ያንኑ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

አንዋር ደግሞ እስከ ዛሬ አላገባም። ለምን አላገባም? ጋራዥ አለው፣ ቤት አለው፣ መልኩም ክፉ አይደለም። ሰው ያለ ምክንያት ሳያገባ ይቀራል? ይህን ሱምያን ስጠይቃት ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ትከሻዋን ስትነቀንቅ ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ የፒክአፗን ነገር ልንገራችሁ።

አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። ጠዋት ሱምያ ዓሣዋን ጭና ለየሆቴሉ ታደርስባታለች፣ ከሰዓት እኔ ከዘንዘልማ በኩል ግንድና ሳንቃ አመጣባታለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሸክም የኋላው ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ደከመ፤ ትንሽ ጉድጓድ ባየች ቁጥር ሆዷ ከመሬት ይላተማል። የሱምያ ታናሽ ናኢማ ደግሞ ልታገባ ነው፣ ሰርጉ ጎርጎራ ነው፣ ከዒድ በኋላ ተቆርጧል። እኔ ልጆቼንና ሚስቴን በራሴ መኪና ጭኜ፣ ሐይቁን ዞሬ፣ አማቼ ደጅ ጥሩምባ እየነፋሁ ልገባ ነው ሐሳቤ። ስለዚህ አዲስ ባሌስትራ ግራና ቀኙን፣ ከነ አሞርዛተሩ ገዛሁ።

ከዚያ ማን ይግጠመው? የጠየቅሁት ሰው ሁሉ አንዋር አለ። መለዋወጫ የሸጠልኝ ሰውዬ አንዋር አለ። ከደጄ ባጃጁን የሚያቆመው ምናሴም፣ የባሌስትራ ነገር ከሆነ አንዋርን የሚያህል የለም ብሎ ያወድስልኝ ጀመር። ቤት ገብቼ ለሱምያ ባነሳባት፣ «አንዋር ጋ ውሰዳታ» አለች፣ ዓሣ እየበለተች፣ ቀና እንኳ ሳትል። እንዴት አፏ ላይ ቀለለላት! ስሙን ስትጠራ ትንሽ አትደናቀፍም? ሰው የረሳውን ሰው ስም ሲጠራ ትንሽ ይደናቀፋል። በዚያች ሰዓት ቆረጥሁ፤ ራሴ እገጥማታለሁ አልሁ። ከእንጨት ጀልባ ፈልቅቄ የማወጣ ሰው አራት ቡሎን ማሰር ያቅተኛል?

ፒክአፗን ግቢዬ አስገብቼ ጀልባ የምንሰቅልበት ግንድ ላይ ከኋላዋ ሰቀልኋት። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ጀልባ ሲያስተምሩኝ ከሁሉ አስቀድመው የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። በደረቅ ያላጠበቅኸውን ውሃ ላይ አታጠብቀውም፤ ሚስማሩም ሳንቃውም ጥጡም ሬንጁም ሁሉ ነገር ጀልባዋ ውሃ ከመንካቷ በፊት ያልቃል ይሉኝ ነበር። የላላ ሚስማር ይዛ ሐይቅ የገባች ጀልባ ከእጄ ወጥታ አታውቅም። ለፒክአፗም እንዲያው አደረግሁላት። የቀኙን ባሌስትራ ጎማው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ አስገባሁ፤ ሁለቱን ጫፎቹን፣ ጎሚኒ የሚሏት የጎማ ቀለበት ያለችበትን ቦታ፣ በመፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ትንፋሼ እስኪቆረጥ አጠበቅሁት። የግራው ቀዳዳ አልገጥም ብሎ አስቸገረኝና ጎማውን በግንድ ቁራጭ ከፍ አድርጌ ደግፌ እሱንም እንደዚያው አሰርሁት። አንዲት የምትንቀሳቀስ ነገር አልተውሁም። ላቤን ጠርጌ ከግንዱ አወረድኋት።

ዘመመች። ወደ ግራ፣ ሾፌሩ ወደሚቀመጥበት፣ ወደ እኔ። ከኋላ ሆኜ ባያት ባሏ የሞተባት ሴት ይመስል አንድ ትከሻዋን ጥላለች። ከጎማው እስከ ፓራፋንጎው፣ ጎማውን ከላይ እስከሚከልለው ቆርቆሮ፣ ያለውን በጣቴ ለካሁት፤ ግራው ከቀኙ ሁለት ጣት ያንሳል። ዓይኔን አላምን ብዬ የጀልባ ወለል የማስተካክልበትን ውሃ ልክ አምጥቼ ከኋላ አጋድሜ አስቀመጥሁባት። አረፋዋ እየሮጠች ቀኝ ጥግ ገባች።

ምናሴ ባጃጁ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሲያየኝ ኖሯል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አለና ጀመረኝ። ወደ እኔ በኩል የዘመመችው የኔ ቅናት ከብዷት እንደሆነ፣ ቅናቴን ከኋላ ብጭነው እንደምትስተካከል መንገደኛው እየሰማ አወራ። እኔም ባጃጅ በሦስት እግሯ ቆማ አራት እግር ባለው ላይ አትፈርድም አልሁት። ሳቀ፣ ሰዉም ሳቀ። የሱ ሳቅ አልነበረም የከነከነኝ፤ ሱምያ ከበሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ አየኋት።

ባሌስትራዎቹ እኩል ባይሆኑ ነው ብዬ በማግስቱ ፈታኋቸው። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ቀየርሁና እንደገና በዚያው አሠራሬ፣ አንዱን አንጠልጥዬ አንዱን በግንድ ደግፌ፣ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁ። አወረድኋት። አሁንም ወደ ግራ። ባሌስትራው ቦታ ሲቀይር ዘመማው ቦታ አልቀየረም። ወላሂ፣ ደገሙባት እንዴ ብዬ አሰብሁ። ደግሞ የሚያስደግምባት ማን እንደሆነ አንድ ሰው መጣብኝ፤ መቼም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በግራው በኩል ወፍራም ብረት ቆርጬ ከባሌስትራው ሥር አስገባሁላት። ባዶዋን ቀጥ አለች። አየሽ አልኋት ሱምያን፣ አንዋር ማን ነው አልኋት። እሷ የዓሣ ሳጥኖቿን ከነ በረዶው ጫነች። ሦስተኛው ሳጥን ላይ ፒክአፗ ቀስ እያለች ወደ ግራ ወረደች። የበረዶው ውሃ በአንድ በኩል እየተንጠባጠበ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

ያን ዕለት ከሱምያ ጋር ተጣላን። እሷ ድምፅዋን አታነሳም፤ እሱ ነው የሚያበሽቀኝ። በዚህች መኪና ልጆቼን ይዤ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ አልሄድም አለች፤ ወይ አንዋር ጋ ወስደህ ታሠራታለህ፣ ወይ እኔ ልጆቼን ይዤ በሐይቁ ጀልባ እሄዳለሁ፣ አንተ በመኪናህ ና አለች። እኔም ሂጂ አልኋት። በጀልባ ብትሄድ ምን ይቀርብኛል፣ ጀልባዋን እንኳ የሠራሁት እኔ ነኝ።

እንደዚያ ብዬ ወጣሁ። ከሰዓት ምናሴ በወሬ ወሬ አንድ ነገር አነሳ። የናኢማ ሙሽራ ለካ ለአንዋር የአጎት ልጅ ነው። አንዋር ለሰርጉ ጎርጎራ ይሄዳል። መኪናም አይዝም፤ ከነ ጓደኞቹ በዚያችው ጀልባ ቦታ ይዟል።

ጀልባዋን አውቃታለሁ፣ አግዳሚ ወንበሯን በእጄ ነው የላግሁት። ጉዞው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ነፋስ ሲነሳ ሴቶቹ ሻርፓቸውን ሲይዙ፣ ወንዶቹ ተነሥተው ቦታ ሲለቁላቸው፣ ጨዋታ ሲመጣ፣ የልጅነት ነገር ሲነሳ ታየኝ። አስታወስሽ፣ አስታወስህ ሲባባሉ ሰማሁ። እኔ በዚያን ሰዓት ዘማማ መኪና ይዤ አቧራ ስበላ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። ሂጂ ያልሁት እኔው ነኝ።

ማታ እራት ላይ፣ ነገ አንዋር ጋ እወስዳታለሁ አልሁ። ሱምያ ቀና ብላ አየችኝና፣ እኔም ሳጥኖቹን የማደርሰው በዚያው በኩል ነው፣ አብሬህ እሄዳለሁ አለች። ምን እላለሁ? አትምጪ ብል ለምን ትለኛለች። ነይ ብል ይዣት ልሄድ ነው። እሱን ማየቷ ካልቀረ ዓይኔ እያየ ይሁን ብዬ ዋጥሁት።

ጠዋት ወጣች። አረንጓዴውን ሻርፕ አድርጋለች። ለዒድ የገዛሁላትን! ለጋራዥ አረንጓዴ ሻርፕ ምን ያደርጋል? ለዓሣ ሳጥን ምን ያደርጋል? ጠየቅኋት። ሌላው እርጥብ ነው አለች። ገመዱ ላይ አየሁ፣ እውነትም ሌላው እርጥብ ነው። ግን ለምን ትናንት አጠበችው?

ዓሣውን ጫንንና ወጣን። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር እኔ ወደ በሩ ተጣብቄ፣ ሱምያ ከቀኝ በኩል ወደ እኔ እየተንሸራተተች መልሳ ራሷን እየጎተተች። ባጃጆቹ በጎናችን ሲያልፉ አንገታቸውን አዘንብለው ያሾፉብናል። ወደ እኔ ስትንሸራተት ትከሻዋ ይነካኛል፤ መልሳ ስትሸሽ ደግሞ፣ የምትሸሸው ከዘመማው ነው ወይስ ከእኔ እላለሁ። ቅናት ያለበት ሰው መንገድ ሲሄድ እንደዚህ ነው፤ ድልድዩንም ወንዙንም አላየሁም።

አንዋር በፉጨት ተቀበለን። ቱታው ታጥቧል፣ ከሥሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሽቶም አለ። ሽቶ ተቀብቶ ከመኪና ሥር የሚተኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ሰላም ከማለቱ በፊት ወደ ቀኙ በር ዞረ።

«ሱሚ!» አላት።

ሱሚ! ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስተኛ እኔ የማላውቀው ስም አላት። እሷም ሳቀች። ከንፈሯን ሳትነክስ፣ ጥርሷ እስኪታይ። ውስጤ ቅጥል አለ። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞሮ ቡርሀን ወንድሜ እያለ የጨበጠኝ። እጁን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት፣ እሱም ጠበቅ አደረገ።

ያደረግሁትን ሁሉ ነገርሁት፣ ባሌስትራውን መቀየሬን፣ ብረት ማስገባቴን። ውሃ ልክ አስቀምጬ መለካቴንም ነገርሁት፣ ሥራ የማያውቅ እንዳይመስለው። እሱ ባሌስትራውን እንኳ አላየውም። ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገብቶ ቡሎኖቹን በእጁ ዳበሳቸውና ከዚያው ሆኖ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ስታጠብቃቸው ጎማዎቹ መሬት ላይ ነበሩ ወይስ ተንጠልጥለው ነበር አለ። ተንጠልጥለው ነዋ አልሁት፤ አንዱ ተንጠልጥሎ፣ አንዱ በግንድ ተደግፎ፤ መኪና ሳይሰቀል ይሠራል እንዴ? ከሥር የሳቅ ድምፅ መጣ።

«ጀልባ መሰለችህ እንዴ?» አለኝ።

ሱምያ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ወጥቶ አስረዳኝ፤ ማስረዳት ይወዳል። ጎሚኒዋ ባሰርኻት ቦታ ነክሳ ትይዛለች አለ። ተንጠልጥላ ካሰርኻት፣ ቦታዬ ይሄ ነው ብላ ትይዝና መኪናዋ መሬት ስትነካ ትጣመማለች፣ ወደነበረችበት ልመለስ ብላ ሽቅብ ትገፋለች። የቀኙን ተንጠልጥሎ፣ የግራውን ተደግፎ ስላሰርሁት አንዱ ብዙ ይገፋል፣ አንዱ ትንሽ። ባሌስትራውን መቶ ጊዜ ብቀያይረው፣ ያሰርሁበት መንገድ ያው ስለሆነ ዘመማውም ያው ነው። መድኃኒቱ ሁሉንም አላልቶ፣ መኪናዋን በእግሯ አቁሞ፣ የዘወትር ሸክሟን አሸክሞ፣ እሷ እንደተሸከመች ያኔ ማጥበቅ ነው አለ። ጀልባ በደረቅ ይጠብቃል፤ መኪና ግን ክብደቷ ላይዋ ሳለ ነው የምትጠብቀው።

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የከፋኝ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ተመስገን ብዬ ግንባሩን እስመው ነበር።

የኔን ብረት አውጥቶ ወረወረው። ከዚያ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሲያላላ ቆሜ አየሁ። የቀኙን ሲፈታው ፒክአፗ እህ እንዳለች ሰው ቀስ ብላ ወረደች። ወደ ኋላ ሄጄ አየኋት፤ ትከሻዋ ቀና ብሏል። ደስ አለኝ፣ ደስታዬን ግን ለአንዋር አላሳየሁትም።

ሸክሟ ምንድን ነው አለኝ። የዓሣ ሳጥኖቹ ከነ በረዶአቸው ከኋላ አሉ። ከፊትስ ማን ይቀመጣል አለኝ። እኔና እሷ አልሁ፤ እኔና እሷ የሚለውን ጫን አድርጌ ነው የተናገርሁት። እንግዲያው ግቡና ቦታችሁን ያዙ፣ ቡሎኑን እስክጨርስ ድረስ እንዳትወርዱ አለና ካርቶኑ ላይ ተንጋልሎ ከሥር ገባ።

ገባን። እኔ መሪው ላይ፣ ሱምያ በቀኜ። በሩን ዘጋን። ፀሐዩ በመስተዋቱ ይገባል፣ ዓሣው ይሸታል። ከሥራችን መፍቻው ይንጓጓል፣ ከመፍቻው ጋር ፉጨቱ። የኔ ጠላት ከእግሬ ሥር ተኝቷል፣ እኔና ሚስቴ በላዩ ተቀምጠናል፣ እሱ ካልፈቀደ መውረድ አንችልም። ይህን ነገር አስቡት።

ታዲያ ይህ ያስችላል? አልቻልሁም። ድምፄን ቀንሼ ጀመርኋት።

ሱሚ ነው እንዴ ስምሽ አልኋት። ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ነበር የሚለኝ አለች። ለምን ሳቅሽ አልኋት። ስላሳቀኝ አለች። ያን ቀን፣ የኒካሁ ቀን፣ እሱ ሽማግሌ መላኩን ታውቂ ነበር አልኋት። አውቅ ነበር አለች። እና ለምን እስከ ዛሬ አላገባም ብዬ የዘወትሩን መጣሁ፤ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ነው።

«እሱን ጠይቀው፤ ይኸው እታች ተኝቶልሃል» አለችኝ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ተናደደች ብዬ ነበር። ስትዞርልኝ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ እንባዋን አላየሁም ነበር፤ ደነገጥሁ።

«ዘጠኝ ዓመት ስለ አንዋር ስትጠይቀኝ ኖርህ» አለች። «ስለ ራስህ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

እውነቷን ነው። አንዋር ምን አለሽ፣ አንዋር ለምን አየሽ፣ አንዋር ቢሆን ኖሮስ እላለሁ እንጂ፣ እኔስ ብያት አላውቅም። ለምን አላልሁም? ፈርቼ ነዋ። ያኔ የጠየቋት አባቷ ናቸው፤ ዝም ስትል እሺ ነው ብለው የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው። እኔ ብጠይቃት፣ ዝም ብትለኝ፣ ያን ዝምታ ምን ብዬ ልቀበለው?

እንደዚህ አስብ እንደነበር ከፊቴ አንብባው ነው መሰል፣ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ትንሽ ፈገግ አለች።

«አሁን ደግሞ ልጃገረድ አይደለሁም» አለች። «ዝምታዬ አይቆጠርልህም።»

ከሥር መፍቻው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ መኪናዋ ነቅነቅ አለች። እንዳትነቃነቁ አለ አንዋር። አልተነቃነቅንም። መሪውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ወጀብ ውስጥ ሆኖ የማይፈራውን ሰውዬ አንድ ጥያቄ አስፈራው። ሐይቁ ላይ ስንት ጊዜ ሞትን በቅርብ አይቼዋለሁ፣ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። አልጠይቅም ብዬ ነበር። ቤት ስንገባ ብዬ ነበር። ደግሞ እሱ ይሰማል፣ ከእግራችን ሥር ነው ያለው፣ እምቢ ብትለኝ እሱ ፊት ነው የምትለኝ። ይህን ሳስብ ሌላ ነገር መጣብኝ። ዛሬ ካልጠየቅሁ ነገ በጀልባ ትሄዳለች፣ በመኪናም ትሄዳለች፣ የትም ትሄዳለች፤ እኔ ግን ከዚያ መጋረጃ ወዲህ ተቀምጬ እቀራለሁ።

«ሱምያ» አልሁ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «ቡርሀን ሀይደርን ወድደሽ ፈቅደሽ ነው ወይ?»

ፉጨቱ ቆመ። መፍቻውም ቆመ።

ዝም አለች። ያው ዝምታ ነው፣ አወቅሁት። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፣ ከኋላችን ከሳጥኖቹ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ሁለት ጠብታ በግራ፣ ሁለት ጠብታ በቀኝ። ወደ እሷ ማየት አቅቶኝ መሪውን አያለሁ። አለቀ አልሁ በልቤ።

ከዚያ አረንጓዴ ሻርፗን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች። ሹክ አላለችም። ዓሣ ገበያ ላይ ደንበኛ እንደምትጠራ፣ ጋራዡ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረችው።

«ወድጄ ፈቅጄ ነው።»

ኋላ ከሥራችን መፍቻው የመጨረሻውን ቡሎን ቀስ ብሎ አዞረ፣ ካርቶኑ መሬቱ ላይ ተንሸራተተ፣ አንዋር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በኔ በኩል ቆመ። አላየሁትም፤ እኔ ሱምያን ነበር የማየው።

«ጨርሻለሁ፣ ውረዱ» አለ።

ማንኛችንም አልወረድንም።